ሰመመኑ ከለቀቀ በኋላ

ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይፈራል፤ ተኝቶ መቅረትን። ሰመመን ሰጪ ስለሆንኩ ይህን ፍርሃት በየቀኑ አየዋለሁ። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። አንዳንዱ ታካሚ «ዶክተር» ይለኛል፤ አብዛኛው «ሲስተር»፤ ትልልቆቹ ደግሞ «ልጄ»። ጥያቄያቸው ግን ያው ነው። «ልጄ፣ እነቃለሁ አይደል?» ይሉኛል እጄን ይዘው። «ይነቃሉ እማማ» እላቸዋለሁ። ይህን የምለው አምኜበት ነው።

እንዲህ በድፍረት የማልናገረው ስለ ሦስተኛው ቀን ነው። ታካሚው ነቅቷል። ዘመድ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» ብሏል። ሐኪሙ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትና ሌሊቶች እኛ አገር አልጋው ሥር የሚቀመጠው አስታማሚ ነው። እህት፣ ልጅ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ። ምን ማየት እንዳለበት ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሱ ነው።

ፍርሃቱ ሥር አለው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ ኢተር የተባለው የሰመመን መድኃኒት ቦስተን ውስጥ በሐኪሞች ፊት የታየው በጥቅምት 1846 ነው። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1848፣ ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት እንግሊዛዊት የእግር ጣቷን ጥፍር ለማስነቀል ክሎሮፎርም የተባለ ሌላ ሰመመን ተሰጣት። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ለጥፍር! ከመቶ ዓመት በኋላም አደጋው ቀላል አልነበረም። ሄንሪ ቢቸርና ዶናልድ ቶድ የተባሉ አሜሪካውያን ከ1948 እስከ 1952 በ10 ሆስፒታሎች የተሰጠ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰመመን መርምረው በ1954 አሳተሙ። ከ1,560 ታካሚ አንዱ ሲሞት ሰመመኑ በሞቱ ውስጥ እጁ ነበረበት።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። በ2012 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ አለ። ከ1970ዎቹ በፊት ከአንድ ሚሊዮን ሰመመን ውስጥ በሰመመኑ ብቻ የሚሞተው 357 ሰው ነበር። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ወደ 34 ወርዷል። ለውጡ በሀብታም አገሮች የበለጠ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ለእማማ «ይነቃሉ» የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የማከብረው ሰው ሐኪም አይደለም፤ መሐንዲስ ነው። ጄፍሪ ኩፐር ይባላል፤ በቦስተን ይሠራ ነበር። በአቪዬሽን የተለመደውን የአደጋ አጠናን ዘዴ ወስዶ ሰመመን ሰጪዎችን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሊደርስ ሲል ስለተረፈ አደጋ፣ ስለደረሰም አደጋ። ውጤቱ በ1978 ታተመ። ሊወገዱ ይችሉ ከነበሩት ክስተቶች በ82 በመቶው ውስጥ የሰው ስህተት ነበረበት። የመተንፈሻው ቱቦ ከማሽኑ መለያየት። የመርፌ መቀያየር። የጋዙን መዘውር በስህተት መንካት። ከዚህ ጥናት የተወለደው ሐሳብ ዛሬም የምሠራበት ነው፤ ሰው ይሳሳታልና ዕቃውም አሠራሩም ስህተቱን ቀድሞ እንዲይዝ ሆኖ ይሠራ የሚል።

ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ስማችሁን፣ የሚሠራላችሁን ቦታ፣ መድኃኒት ይቆጣችሁ እንደሆነ ደጋግመን የምንጠይቃችሁም ለዚህ ነው። «ካርዴ ላይ አለ እኮ» ይላል ሰው ተሰላችቶ። ግድ የለም፣ እንደገና ንገሩን። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት በ8 ከተሞች ሲሞከር፣ ከነዚህም አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ነው ይህን ያደረገው፤ እርግጥ ከልብ ሲነበብ።

ጣት ላይ የምትሰካውን የኦክስጅን መለኪያ በኮቪድ ጊዜ ብዙዎቻችሁ አውቃችኋታል። የመጀመሪያውን ሐሳብ በ1970ዎቹ ያመጣው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ለእኛ ሙያ ከዚህች ዕቃ የበለጠ ውለታ የዋለ መሣሪያ አላውቅም። እሷ ሳትኖር በፊት የታካሚው ደም ኦክስጅን ማጣቱ የሚታወቀው ከንፈሩ ሲጠቁር ነበር፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት በ2011 ተቋቁሞ መለኪያዋን ከማሠልጠኛ ጋር ለድሃ አገሮች ሲያከፋፍል ቆይቷል፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ብዙ ሠርቷል።

ነገር ግን እኛ ጥቁሮች ልናውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ። በ2020 ከሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየች ሳለ የደም ምርመራ ግን ከ88 በታች መሆኑን የሚያሳይባቸውን ልኬቶች ቆጠረ። ከነጮቹ ልኬት 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። መሣሪያዋ የተሠራችው ለእኛ ቆዳ ተስተካክላ አይደለም፤ ይህ ያናድደኛል። ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም በሽተኛው ካለከለከ፣ ሲያወራ ቃሉ ከተቆራረጠ፣ የምላሱና የከንፈሩ ውስጥ ቀለም ከተለወጠ ቁጥሩን ትታችሁ ሰውየውን እመኑ። ነርስ ጥሩ። «ማሽኑ ደህና ይላል» ብትባሉም አትመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ2018 ላንሴት ላይ የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት ታተመ። 25 አገሮች፣ 247 ሆስፒታሎች፣ ከ11,000 በላይ ታካሚዎች። ታካሚዎቹ ከዓለም አማካይ ይልቅ ወጣትና ጤነኛ ነበሩ። የሞት መጠናቸው ግን ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆነ፤ 2.1 በመቶ። ከሞቱት 239 ሰዎች ውስጥ 225ቱ የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጀምሮ ነው። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እኔ ነፍሴን የምሰጥበት፣ በሞኒተር የተከበበው ክፍል አይደለም ሰው የሚያልቅበት። ዋርድ ውስጥ ነው። ጥቂት ነርሶች ብዙ አልጋ በሚጠብቁበት ሌሊት ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። ቀጥለው በመቶዎች በሚቆጠሩ የአፍሪካ ሆስፒታሎች አንድ ሙከራ አደረጉ። አደጋ ላይ ያሉ ታካሚዎችን ለዩ። አልጋቸውን ነርሶቹ ወደሚታዩበት አቀረቡ። ልኬታቸውን ቶሎ ቶሎ አስወሰዱ። ቤተሰብ አጠገባቸው እንዲቆይ ፈቀዱ። ራስጌ ላይ የክትትል መመሪያ ሰቀሉ። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ የሞት መጠን አልቀነሰም። እንደ አንድ የዚህ ሥራ ሰው አዝኛለሁ። ግን አልገረመኝም። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን ይዞ የሚሮጥ ሰው፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ መኖር ሌላ ነው። ይህን የምለው መንግሥትም የሆስፒታል ኃላፊዎችም እንዲሰሙኝ ነው። አስታማሚ የነርስን ቦታ አይተካም። በነርስ እጥረት ላይ አስታማሚን መደገፊያ ማድረግ ግፍ ነው።

እስከዚያው ግን እናንተ እዚያ ናችሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከዋዜማው እንጀምር። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል። ምክንያቱ ትክክለኛ ነው። ሰው በሰመመን ሲተኛ በሆዱ ያለው ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ይህን በወላዶች ላይ አጥንቶ በ1946 ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ጾም ያዘ። ጥያቄው ስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። ዛሬ የሙያው መመሪያዎች የሚሉት፣ ሌላ ችግር ለሌለበት ሰው፣ ቀለል ያለ ምግብ ሰመመኑ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ቅባት የበዛበት 8 ሰዓት እስኪቀረው፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት እስኪቀረው፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል ነው።

ጥርት ያለ ፈሳሽ የምንለው ውሃ ነው። ወተት የሌለበት ሻይ ነው። ጥቁር ቡናም ይገባል። አጥሚት አይገባም፤ ሾርባም፣ ወተትም፣ የአብሽ ውሃም አይገባም። እኛ ጋ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። እማማ ማታ 12 ሰዓት ላይ እራት በልተው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ያድራሉ። ተራቸው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ለነገ ይዛወራል። እኔ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ግፊታቸው ወርዷል፣ ራሳቸውን አሟቸዋል። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲታገል የኖረው እንዲህ ካለው ልማድ ጋር ነው። በሽተኛውን ሳታስርቡ አስገቡት፣ ሕመሙን በደንብ አስታግሱለት፣ ቶሎ አብሉት፣ ቶሎ አስነሡት አለ። በእሱ መንገድ የተጠቃለለው አሠራር ዛሬ በብዙ አገር ታካሚዎች ቶሎ ድነው ቤታቸው እንዲገቡ አድርጓል። ስለዚህ ዋዜማው ላይ «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አትወስኑ፤ ስኳር፣ እርግዝና ወይም የአንጀት መዘጋት ያለበት ሰው ነገሩ ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። አትዋሹን። ልጇ ሲያለቅስባት አንጀቷ አላስችል ብሏት ብስኩት የሰጠች እናት አውቃለሁ፤ እፈርዳለሁ ብዬ አይደለም፣ እናት ናት። ግን ብትነግረኝ ሰዓቱን ማሸጋገር እችላለሁ፤ ካልነገረችኝ የልጇን ሳንባ ነው አደጋ ላይ የምትጥለው። ጠዋት ጠበል ጠጥታችሁ ከሆነም ንገሩኝ። በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል። ማንም አይቆጣችሁም። ጫት፣ መጠጥ፣ የባህል መድኃኒት፣ ሁሉንም።

ከዚያ ሌላው ዘወትር የሚጠየቅ ነገር አለ። «ሙሉ ሰመመን ይሻላል የጀርባ መርፌ?» ለቀዶ ወሊድ የጀርባው በብዙ ምክንያት ይመረጣል። ለሌሎቹ ግን ሰው እንደሚያስበው ሰፊ ልዩነት የለም። በ2021 የዳሌ አጥንታቸው በተሰበረ 1,600 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። በ60 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም መራመድ ያቃታቸው በጀርባ መርፌ 18.5 በመቶ፣ በሙሉ ሰመመን 18.0 በመቶ ሆኑ። እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሕፃናትንም በተመለከተ ከ700 በላይ ጨቅላዎች ለ5 ዓመት ተከታትለው፣ አንድ ሰዓት ያህል የቆየ አንድ ሰመመን የአእምሮ እድገታቸውን እንዳልጎዳ ታይቷል። የጀርባ መርፌን ተከትሎ የሚመጣው ራስ ምታት ግን እውነት ነው። ቀና ሲሉ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀላል። ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በ1898 ዘዴውን በራሱ ላይ ሞክሮ ራስ ምታቱን ራሱ ቀምሶታል። ዛሬ ቀጫጭን መርፌዎች ብዙ ቀንሰውታል፤ ከመጣ ደግሞ መፍትሔ አለው። እቤት ተኝታችሁ አትሰቃዩ፣ ተመለሱ።

ዋርድ ከገባችሁ በኋላ በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፉን እዩ። የደከመው ሰው መተኛቱ ደግ ነው። ስትጠሩት ካልመለሰ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም እያንኮራፋ ከተቆራረጠ ግን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከብዶት ሊሆን ይችላል። ሮጣችሁ ጥሩ። ሽንት መሽናቱን አስተውሉ። ፋሻው በደም ከራሰ ጨርቅ ደርባችሁ አትሸፍኑት፤ አሳዩ። ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ «ጥሩ አልተሰማኝም» የሚል ቃል፣ እነዚህን አትናቁ።

ሕመም ይታገሥ የሚለው ወግ ብዙ ሰው ጎድቷል። «ጀግና ነው፣ አንድም ቀን አልጮኸም» ተብሎ ሲወደስ እሰማለሁ። ያ ጀግና ቁስሉን ስለፈራ አያስልም፣ በጥልቀት አይተነፍስም፣ ከአልጋ አይነሣም። በአራተኛው ቀን የሳንባ ምች ይዞት ይገኛል። ማስታገሻ ለምኑለት። ከዚያ ሐኪሙ ሲፈቅድ አስቀምጡት፣ አቁሙት፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሁለት እርምጃ አስኪዱት። ቁስሉን በትራስ ደግፎ ያስል። ስለ ምግብም «አየር ሳይወጣው አንድ ነገር እንዳይቀምስ» የሚባለው እየተለወጠ ነው። ከቀዶ ወሊድ በኋላ ማስቲካ ማኘክ እንኳ አንጀትን በጥቂት ሰዓታት ቀድሞ እንደሚያነቃ ሙከራዎች አሳይተዋል። ሐኪሙን ጠይቁት፤ የሚፈቅድ ብዙ አለ።

አሁን በጣም ወደምጨነቅበት ልግባ፤ ስለ ሽማግሌዎች። በሁለተኛው ሌሊት አባባ መቀባዠር ይጀምራሉ። የሞተ ወንድማቸውን ይጠራሉ፣ የግሉኮሱን መርፌ ይነቅላሉ፣ የገዛ ልጃቸውን «አንተ ማነህ?» ይላሉ። ቤተሰቡ ይደነግጣል። አንዱ «ሰመመኑ ጭንቅላታቸውን ነክቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «መንፈስ ነው» ይላል። አልጋ ላይ ሲያስሯቸው አይቻለሁ፤ ማሰር ይብሳል።

ይህ ዲሊሪየም የሚባል ነው፤ በአረጋውያን ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ በብዛትም ይለቃል። ከጀርባ መርፌ በኋላም ይመጣል። በዚያው የዳሌ አጥንት ጥናት በሁለቱም ወገን ከአምስት ሰው አንዱን ያህል ይዞታል። ኢንፌክሽን፣ የውሃ ጥም፣ ሕመም፣ የሽንት መታፈን፣ እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ሲጀምር «ያረጀ ሰው ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ ለሐኪም ንገሩ፤ ከሥሩ የሚታከም ነገር ሊኖር ይችላል። ቀስ ብሎ የሚጎተት የማስታወስና የማሰብ ድክመትም አለ። በ1998 በታተመ የብዙ አገር ጥናት፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ከሳምንት በኋላ 25.8 በመቶው፣ ከሦስት ወር በኋላ 9.9 በመቶው ይህ ታይቶባቸዋል። ለጊዜው የቤት ሽያጭ ወይም የውርስ ወረቀት አታስፈርሟቸው።

አስታማሚ በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአሜሪካ ሻሮን ኢኖዬ የተባለች ሐኪም ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ 852 የውስጥ ደዌ ታካሚዎችን አጥንታ በ1999 አሳተመች። ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። መነጽራቸውንና የመስሚያ መርጃቸውን መስጠት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ማስነሣት፣ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ ሌሊት ሳይረበሹ እንዲተኙ ማድረግ። ዲሊሪየም ከ15.0 በመቶ ወደ 9.9 ወረደ። እዚያ ይህን የሚሠሩ ሰዎችን አሠልጥኖ መመደብ አስፈልጓል። እኛ ጋ ልጃቸው ከመጀመሪያውም አልጋው ሥር ተቀምጧል። የአባባን መነጽር ከቤት ያምጣላቸው። «ዛሬ ማክሰኞ ነው አባባ፣ ሆስፒታል ነዎት፣ እግርዎ ተሠርቷል» ይበላቸው። ጠያቂው ሁሉ በአንዴ አይግባ። ሌሊት ስልክ ላይ ቪዲዮ አይከፈት።

በመጨረሻ፣ ስትወጡ ስለ ሰመመኑ ጠይቁ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የኦፕራሲዮኑ ዓይነት ብቻ ነው። የተሰጠው ሰመመን ምን ዓይነት እንደነበር፣ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት አስቸግሮ እንደሆነ፣ የተቆጣው መድኃኒት ካለ ስሙ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ሰመመን ሰጪ ይህ ከምንም በላይ ያስፈልገዋል፤ እኔም ስንት ጊዜ «ድሮ ተሠርቼ ነበር፣ ትንሽ አስቸግሮ ነበር አሉ» ከሚል ቃል በቀር የማየው ነገር አጥቼ ጀምሬያለሁ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ የበሽተኛውም የእናንተም ስልክ ላይ አስቀምጡት።